የተመቸው ሰው ኮርቻ

አንድ ሰው ነበረ፤ በሞተር እሽቅድምድም ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣ። ሁለተኛ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ከኋላው ብዙ ሰው አለ። እሱ ግን ወደ ኋላ ዞሮ አይቶ አያውቅም። የሚያየው ከፊቱ ያለውን አንድ ጀርባ ብቻ ነበር።

ውድድሩ የሚካሄደው አውሮፕላን ማረፍ ባቆመበት አሮጌ ሜዳ ላይ ነው። አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ይሄድና አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይታጠፋል። አንደኛ የሚወጣው ሰው ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ደጃፉ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ይመስል ነበር። ጨርሶ ሲወርድ ይስቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከሰው ጋር ይጫወታል። ሁለተኛው ሲወርድ ግን የእጁ አንጓ ከመደንዘዙ የተነሳ የሄልሜቱን ማሰሪያ ሌላ ሰው ይፈታለታል። ተመልካቹ አንደኛውን እያየ «እንዴት ተመችቶታል!» ይላል። ይህች ቃል ሁለተኛውን ትበላው ነበር። ተመችቶታል ማለት ኮርቻው ተስማምቶታል ማለት ነው፤ ኑሮው ሞልቶለታል ማለትም ነው። እሱ ሁለቱንም ይሰማ ነበር፤ ሁለቱም ያንገበግቡት ነበር።

ቅናቱ ዓይኑን አላጠፋበትም። እንዲያውም ከማንም ይበልጥ ያይ ነበር፤ ያየውን ሁሉ ግን ወደ አንድ ወገን ይተረጉመዋል። አንደኛው ሲራመድ ግራ እግሩን ጎተት ያደርጋል፤ ይህ ጉራ ነው። በግራው መታጠፊያ ላይ ዝግ ይላል፣ ሁለተኛውም እዚያች ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይደርስበታል፤ ይህ ደግሞ ንቀት ነው፣ አስጠግቶ ሊያሾፍበት ነው። አንድ ቀን ከውድድር ሲመለሱ ሚስቱ «ሰውዬው ግን ሞተር ላይ ሲያምርበት!» ብላ አመለጣት። ያን ሳምንት እራቱን ጀርባውን ሰጥቷት በላ።

በዚያ ዓመት ማብቂያ ላይ አንድ ተወዳዳሪ ጎረቤት አገር ሄዶ እንዲወዳደር ተወሰነ። አንድ ብቻ። የመጨረሻውን ውድድር ያሸነፈ ይሄዳል።

ሁለተኛው ሞተሩን እየገፋ ወደ መካኒኩ ሄደ። መካኒኩ የሚስቱ ወንድም ነው።

«ውጣና ተቀመጥበት» አለው። «የሚያምህን ቦታ ንገረኝ። እጅህን ከሆነ መሪውን ከፍ እናደርገዋለን። ጉልበትህ ከተጣበበ ኮርቻው ላይ ስፖንጅ እንጨምራለን። ግማሽ ቀን አይፈጅም።»

«እኔን ተወኝ። የሱን ልክ አመጣልሃለሁ፤ ልክ እንደሱ ታደርግልኛለህ።»

«ኮርቻውን እሺ» አለ መካኒኩ እየሳቀ። «የሰውዬውን መቀመጫስ ከየት ታመጣልኛለህ?»

በማግስቱ ተወዳዳሪዎቹ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ምሳቸውን ሲበሉ ሁለተኛው ወደ አንደኛው ሞተር ሄደ። ሜትር ቢይዝ ይታወቅበታል፤ ስለዚህ የያዘው ክር ነበር። ከኮርቻው እስከ መሪው ለካና ቋጠሮ አሰረ። ከኮርቻው እስከ ቀኙ የእግር መርገጫ ለካና ቋጠሮ አሰረ። ወደ ግራው ሲደርስ ልኩ በለጠ። እንደገና ለካው። የግራው መርገጫ ከቀኙ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፊትም ገፋ ብሎ ተሠርቷል። 

«ይኸውልህ!» አለ ለራሱ። «ደብቆኝ የኖረው ይህን ነው!»

የሰው ኮቴ ሲሰማ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር የሚያስር መሰለ። በሌላ ሰው ሞተር ሥር ተንበርክኮ ጫማ ማሰር ምን እንደሚመስል ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም።

መካኒኩ ክሩን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ። «የግራው ለምን ወረደ? ተሳስተህ ለክተሃል።»

«አልተሳሳትኩም።»

«እስቲ አንዴ ብቻ ተቀመጥበትና...»

«ምን አገባህ? እንደ ክሩ አድርገው አልኩህ!»

እንደ ክሩ አደረገው።

የውድድሩ ቀን ሁለተኛው ሲቀመጥ ወገቡ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። የአሸናፊ ኮርቻ ሲጀምሩት ይቆረቁራል ብሎ ራሱን አጽናና። በቀጥታው መንገድ ላይ ግራ እግሩ ማርሹን ሲፈልግ ያጣው ጀመር፤ ቢሆንም ያን ጀርባ ከዓይኑ አላጠፋውም። ወደ ግራው መታጠፊያ ደረሱ። አንደኛው እንደ ልማዱ ዝግ አለ። ሁለተኛውም እንደ ልማዱ ሞተሩን እስከ መጨረሻው አጋድሎ ገባ። የወረደው መርገጫ አስፋልቱን ነካ፣ ብልጭታ ወጣ፣ ሞተሩ ከሥሩ ሄደ። ሰውየው ራሱን ደረቅ ሣር ላይ ተቀምጦ አገኘው። ዞሮ አይቷቸው የማያውቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ አለፉት። ያን ቀን የነሱንም ጀርባ አወቀ።

አንደኛው አሸነፈ። ከዚያ እግሩን እየጎተተ መጣና ሣሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠ። አንድ እግሩን አጠፈ፤ ሌላው እንደ ጣውላ ተገትሮ ቀረ። የወደቀውን ሞተር ሲያይ ዓይኑ መርገጫው ላይ አረፈ።

«አንተም?» አለው ቀስ ብሎ።

«እኔም ምን?»

«ጉልበትህ ነዋ። አንተም አይታጠፍልህም እንዴ? ወንድሜን! ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሮጥ አንድ ቀን አትነግረኝም? የኔ ድሮ ወድቄ ተሰብሮ እንዲህ ቀረ። መርገጫውን ባላወርደው መቀመጥ አልችልም። ሳወርደው ደግሞ በግራ በኩል ማጋደል የለም፤ መሬት ይነካል፤ ስለዚህ ዝግ እላለሁ። እዚያች መታጠፊያ ላይ ድምፅህ ከኋላዬ ሲመጣ እንዴት እንደምቀናብህ ብታውቅ! ሰውዬው እንዴት ተመችቶታል እላለሁ።»

ሁለተኛው ከመዋሸትና ከማፈር አንዱን መምረጥ ነበረበት። ሊነሳ ሲል ግራ ጉልበቱ እምቢ አለው። አንደኛው ደገፈው፤ ሁለቱም በግራ እያነከሱ ወደ ጥላው ሄዱ።

አንተ ደግሞ ልጄ፣ ይህን ተረት ያስነገረኝ ጥያቄህ ስለ ወንድምህ ቤት ነው። «እሱ ቤት እራት ሲበላ ድምፅ አይሰማም፤ ሰላም ነው። እኔም ልጆቼን ዝም ብላችሁ ብሉ ብዬ ሥርዓቱን አንድ ሳላስቀር ወሰድኩ፤ ቤቴ ግን ባሰበት። ምን አጠፋሁ?» አልከኝ። ያጠፋኸው ክር ይዘህ መሄድህን ነው። ዝምታውን ለካኸው፤ ምን እንዳወረደው አልጠየቅህም። ያ ሰው የስብራት ማሳረፊያውን ምስጢር ብሎ ወሰደ። አንተም የወንድምህ ቤት ሕመሙን የሚያሳርፍበትን ዝምታ ሰላም ብለህ ወሰድክና ጤነኛ ልጆች አፍ ላይ ገጠምከው። ሕመሙ ምን እንደሆነ እኔ አልነግርህም፤ ወንድምህ ነው፣ ሄደህ ጠይቀው። እራት ላይ አፍ ለአፍ እየተሻሙ የሚያወሩት ልጆችህ ግን የግራ መታጠፊያህ፣ አንተ የምትበልጥበት ቦታ ናቸው። ወንድምህ ማታ በደጅህ ሲያልፍ እርምጃው ዝግ እንደሚል አይተህ ይሆናል። ንቀት መስሎህ ነበር?