የጋሽ መኳንንት ጀልባና የታች መንደር ውሃ

አንድ ቀን በጣና ላይ ተሳላሚ እያመላለሱ ሀብት ያፈሩት ጋሽ መኳንንት ትልቁ ጀልባቸው ላይ ሽንት ቤት እንዲገጥምላቸው ስጦታው የሚባለውን የቧንቧ ሠራተኛ አስጠሩት። ጋሽ መኳንንት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከእጃቸው ሳንቲም ጠብ የማይል ቋጣሪ ናቸው እንጂ። ሽንት ቤቱንም ያሰቡት ወደው አይደለም። ባለፈው ንግሥ አንዲት እማሆይ መሐል ሐይቅ ላይ ጨንቋቸው፣ ጀልባው ከነተሳፋሪው ወደ ዳር ስለተመለሰባቸው ነው።

ስጦታው ጀልባውን ዞሮ አየና ሥራውን አስረዳቸው። መቀመጫው ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰራል፤ ማዕበል እንዳይነቅለው ቱቦው በየመጋጠሚያው በሁለት በሁለት ማሰሪያ ይጠብቃል፤ ፍሳሹ ደግሞ ግጥም ብሎ በሚዘጋ በርሜል ይጠራቀምና ወደብ ሲደርስ በመኪና ይመጠጣል። ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው። ጋሽ መኳንንት ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙ። ለበርሜሉ ሲባል የሁለት ሰው ወንበር እንደሚነሣ ሲነገራቸው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ።

ወንበር አይነካብኝም፣ ቱቦው በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይውጣ አሉ። ስጦታው ደንቡን ቢያነሣባቸው ደንብ አውጪዎቹ ዋና እንኳ አይችሉም ብለው አጣጣሉት። የታች መንደር ሰው ከዚያው ከሐይቁ ዳር ቀድቶ እንደሚጠጣም ነገራቸው። እዚያ መንደር እህቱ አራስ ናትና ከነገሩ ሁሉ ሆዱን የሚበላው ይኸኛው ነበር።

«ስማ ስጦታው» አሉት፣ «ጣና ስንቱን ወንዝ ውጦ ዝም ያለ ሐይቅ ነው። የአንድ ጀልባ ነገር አይሰማውም። አልሠራም ካልክ ደግሞ ሠራተኛ ሞልቷል።»

እሱ ቢሄድ ሌላው መጥቶ ያንኑ እንደሚሠራ ስጦታው አላጣውም። አንገቱን ደፍቶ እንደታዘዘው ገጠመ።

ሥራው ሲያልቅ ጋሽ መኳንንት ጀልባውን ለማስመረቅ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠሩ። አረቄም እዚያው ጀልባው ላይ ቀረበ። መለኪያውን ለሌላ ሰው ስለማያምኑ ራሳቸው አሳላፊ ሆኑ። እንደ ወጉም መጀመሪያ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱና ለእንግዶቹ ቀዱ። ከዚያ ሽንት ቤቱን የሚመርቅ ከባለቤቱ በላይ ማን አለ ብለው ገቡ፤ ውሃውንም ለቀቁት። ፍሳሹ ሁሉም እያየ በጀልባው ጎን እየተንፎለፎለ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

ጋሽ መኳንንት ቀበቷቸውን እያጠበቁ ሲወጡ፣ ስጦታው ከቱቦው አፍ ሥር አንድ ብርጭቆ ቀድቶ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ጠበቃቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የጣና ውሃ ነው ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ ለታች መንደር ሰው የሚያሳልፉት እርስዎ ነዎት። ባገራችን ደግሞ አሳላፊ ሳይቀምስ ለሰው አይሰጥም።»

ጋሽ መኳንንት ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ቢሉ ሁሉም አረቄያቸውን አስቀምጠው ቅምሻውን ይጠብቃሉ። ብርጭቆውን ትንሽ አዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ለበርሜሉ ይነሡ ያልካቸው የትኞቹ ወንበሮች ነበሩ?» አሉት።