ጋሽ ይመር የሰጡት ግማሽ ሚሊዮን

አንድ ቀን ጠዋት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ብሎኬት ማምረቻ ያላቸው ጋሽ ይመር ቢሯቸው ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ከቀን ሠራተኝነት ተነስተው እዚህ የደረሱ፣ ራሳቸው ያልቆጠሩትን ነገር የማያምኑ ሰው ናቸው። የፖለቲካ ዜና ሲሰሙማ ይብስባቸዋል። «አሥር ሺህ ሕዝብ አዳራሽ ተሰብስቦ ድጋፉን ገለጸ» ሲባል፣ «አዳራሹ ያለው ስድስት መቶ ወንበር ነው፤ የቀረው ሕዝብ ተዛዝሎ ነበር?» ይላሉ።

የዚያን ቀን ግን ዜናው ስለ ራሳቸው ሆነ። «ታዋቂው ባለሀብት አቶ ይመር ለፓርቲው አምስት መቶ ሺህ ብር አበረከቱ» አለ ሬዲዮው።

ጋሽ ይመር ገና ሰባራ ሳንቲም አልሰጡም። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ፓርቲው በጠራው የገቢ ማሰባሰቢያ ላይ አንድ ተፎካካሪያቸው ተነስቶ «አራት መቶ ሺህ» ብሎ ቃል ሲገባ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ይመርን አላስቻላቸውም። እጃቸውን አወጡና «አምስት!» አሉ። ተጨበጨበ፤ ከፊት ወንበር ተለቀቀላቸው፤ ለስላሳም መጣላቸው። ለስላሳውን ሳይጨርሱ ነው ያሉት ነገር የገባቸው። አርባ ዓመት ሲቆጥሩ ያልተሳሳቱት ሰውዬ ለአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ግማሽ ሚሊዮን ብር ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ የፓርቲ ሰው ባዩ ቁጥር መንገድ ይቀይራሉ።

አሁን ሬዲዮው «አበረከቱ» ሲል ግን ፊታቸው ፈካ።

በዚህ መሀል አራጋው ገባ። የሠራተኞቹ ተጠሪ ነው። ሠላሳ አንድ ሰው እርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ በሸራ ጫማ እየቆመ እግሩ ተላልጧል፤ ቦት ጫማ ይገዛልን ብሎ ሲጠይቅ ይህ አራተኛው ነው። ሦስቴም «ዘንድሮ ገንዘብ የለም» ተብሏል። አራጋው አፉን ሳይከፍት የፓርቲው የፋይናንስ ኃላፊ አቶ ምንይችል ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከተፍ አለ። አራጋው ጥግ ይዞ ቆመ።

«ጋሽ ይመር፣ እንደምን አደሩ! መቼም ዜናውን ሰምተዋል።»

«ሰማሁ እንጂ! ጥሩ አድርገው አነበቡት።»

«እንግዲህ ገንዘቡን እንድንረከብ ብዬ ነው።»

«የቱን ገንዘብ?»

«አምስት መቶ ሺውን ነዋ።»

«እሱንማ ሰጥቻለሁ።»

«መቼ? ለማን?»

«ሬዲዮውን ጠይቀው። አበረከቱ ነው ያለው፤ ሊያበረክቱ ነው አላለም። ይልቅ ደረሰኜን ይዘህልኝ መጣህ?»

አቶ ምንይችል ለመሳቅ ሞከረ። «ጋሽ ይመር፣ ይሄ እኮ የዜና አጻጻፍ ነው።»

«ሬዲዮው ዋሸ እያልከኝ ነው? በል ተነስ፤ አብረን ሄደን ‹ያልተሰጠ ብር ተሰጠ ብላችኋል፣ አስተካክሉ› እንበላቸው። አንተ ቅደም፣ እኔ እከተልሃለሁ።»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዜናውን ጽፈን የላክነው እኛው ነን።»

«እንግዲያው መቀበላችሁን ጽፋችሁ ፈርማችኋል ማለት ነው። ደረሰኙ ብቻ ነው የቀረው።»

አቶ ምንይችል «ከበላይ ጋር ልነጋገር» ብሎ ቦርሳውን ታቅፎ ወጣ። ጋሽ ይመር እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ዕድሜ ልካቸውን ዜና አላምንም ሲሉ ኖረው፣ ያመኑት ዜና ግማሽ ሚሊዮን ብር አተረፈላቸው።

«አየህልኝ አራጋው? ዜና እንዲህ ነው የሚሰማው!»

«ደግ አደረጉት ጋሼ። እኔ እንኳ የመጣሁት ለዚያ ለቦት ጫማው ነበር።»

«ስንቴ ልንገርህ? ገንዘብ የለም!»

«እኔም እሱ ነው ያምታታኝ» አለ አራጋው፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ። «ብሩን ሰጥተው ከሆነ እውነትዎን ነው፤ የለም። ካልሰጡ ግን አለ፤ ለሠላሳ አንዳችን ገዝቶም ይተርፋል። ሰጥቻለሁ ካሉኝ ለደረሰኙ ምስክር እሆንዎታለሁ፤ አልሰጠሁም ካሉኝም እመሰክራለሁ። ሰውየው መኪናውን ገና አላስነሳም፤ የትኛውን ብዬ ልጥራው?»

ጋሽ ይመር መኪናውን አዩ። አራጋውን አዩ። ሳቃቸው የት እንደገባ እንጃ።

«የጫማህ ቁጥር ስንት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«የሠላሳ አንዳችንንም ጽፌ ይዣለሁ፣ ጋሼ።»