ወደ ውጭ የሚከፈተው በር

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ዘመድ አዝማዷ ብዙ ነው፣ ግማሹ እዚሁ መሀላችሁ ተቀምጦ ይሆናል። በኋላ ደጅ ላይ ማን ይጠብቀኛል?

ይቺ ሴት ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐኪሙ አስቀድሞ አስጠንቅቋታል። «ልጁ የመጣው በእግሩ ነው። ምጥ ቆንጠጥ እንዳደረገሽ ወዲያው ነይ» ብሏታል። ልብ በሉ፣ ወዲያው ነው ያላት። ዘመድሽን ሰብስበሽ፣ ሰፈሩን አስከትለሽ ነይ አላላትም።

አንድ ቀን ጠዋት ምጡ መጣ። ባልየው ምን አደረገ? ባጃጅ ጠራ? የለም! ለአክስቷ ለእትዬ ብርቄ ደወለ። እሺ ይሁን፣ ያሳደገቻት አክስት ናት። እትዬ ብርቄስ? ስልኩን ዘግታ ለእህቷ ደወለች። እህቷ ለጎረቤቷ። ጎረቤቷ ለባልየው እናት፣ ለእማማ የሺመቤት። ከዚያ ሁሉም ነጠላውን እየጎተተ፣ ፔርሙዙን እያንጠለጠለ፣ የሰፈሩን ባጃጅ ጠርጎ ይዞ ወደ ሆስፒታል በረረ። እማማ የሺመቤት እንዲያውም ገንፎ ገንፍተው ነው የመጡት። ልጁ ገና ሳይወለድ! ገንፎው ቀደመው!

ባልየው አስፋልት ዳር ወጥቶ «ባጃጅ! ባጃጅ!» ይላል። የታለ ባጃጅ? ባጃጁማ ዘመዶቿን ሊያደርስ ሄዷል። እሷ የቤቷን ግድግዳ ይዛ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፤ የሚወዷት በሙሉ በባጃጅዋ ሄደዋል።

ትስቃላችሁ። ሳቁ። እኔ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ነው የምናደደው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጋሽ ሞላልኝ የሚባሉ ዘበኛ ነበሩ። ደንቡ ለአንድ ወላድ አንድ አስታማሚ ነው። በዚህ ተጣሉ።

«እኔ ነኝ የምገባው! ጡት ያስጣልኳት እኔ!» አለች እትዬ ብርቄ።

«የሚወለደውስ የማን የልጅ ልጅ ነው?» አሉ እማማ የሺመቤት፣ የበሩን ብረት ጨምድደው ይዘው።

«የልጅ ልጅዎማ ገና ሆድ ውስጥ ነው። ሆዱ ደግሞ የእኛ ነው!»

ጋሽ ሞላልኝ ለመኗቸው። «እናቶቼ፣ ስሙኝ እስቲ። ዛሬ ጠዋት በዚህ በር የገባች ወላድ የለችም።»

ማን ሰምቷቸው! «ዋሽቶ ሊመልሰን ነው!» አለች እትዬ ብርቄ። ግፊያው ሲብስባቸው ጋሽ ሞላልኝ በሩን ጥርቅም አደረጉት።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። ያ በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። እንዲከፈት ከፈለጋችሁ፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው ወደ ኋላ ማለት አለበት። ማን ወደ ኋላ ይላል? ወደ ኋላ ያለ ቦታው ተወሰደበት!

በዚህ መሀል ልጅቷ ደረሰች። በምን? ዘመዶቿን አድርሶ በተመለሰ ባጃጅ! ባልዋ ደግፎ አወረዳት። ከፊቷ ያለው ሁሉ ጀርባ ነው። የምታውቀው ጀርባ። የምታውቀው ነጠላ። እጇን ዘርግታ የፊተኛዋን ትከሻ ነካች።

«አትግፊኝ! ተራሽን ጠብቂ!» አለች የትከሻው ባለቤት፣ ዞር እንኳ ሳትል።

«እትዬ... እኔ ነኝ...»

«ማንም ሁኚ! የወንድሜ ልጅ እኮ ናት ውስጥ በምጥ የተያዘችው!» ብላ በክርኗ መለሰቻት።

ማን ናት ይቺ? ግፊያው ወደ ኋላ የጣላት እትዬ ብርቄ ናት። ያሳደገቻት። የምትወዳት። አልወደደቻትም እንዳትሉኝ፣ ትወዳታለች! ለእሷው ስትጋፋ እሷኑ በክርኗ መታቻት።

ልጅቷ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። የሽርት ውሃው ፈሰሰ። ጮኸች። ያኔ ሁሉም ዞረ። ዞሮ ምን አደረገ? ከበባት! «አየር ስጧት! አየር ስጧት!» ይላል ሁሉም፣ አየር የሚሰጥ ግን የለም። ጋሽ ሞላልኝ ከውስጥ በሩን ይገፋሉ፣ በሩ የሰው ጀርባ ይመታል።

«ወደ ኋላ በሉ!» አሉ እማማ የሺመቤት።

«አዎ፣ እኛ ወደ ኋላ ስንል እርስዎ ሊገቡ!» አለች አንዷ።

እማማ የሺመቤት ጨምድደው የያዙትን ብረት ለቀቁ። የገንፎውን ሣህን መሬት አስቀመጡ። ሰው እየሰነጠቁ ወጥተው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ ከሁሉም ኋላ ሄደው ቆሙ። ከዚያ ሆነው «ይኸው! እኔ አልገባም! አሁንስ?» ብለው ጮኹ።

ሰው አፈረ። አንዷ ወደ ኋላ አለች። ሌላዋም ተከተለች። በሩ ተከፈተ፣ ልጅቷን በቃሬዛ አስገቧት።

ብዙ ቆይታ አዋላጇ ወጣች። «ማርያም ማረቻት። ሴት ልጅ» አለች። እልልታው ሊቀልጥ ሲል ግን እጇን አነሳች። «ቆይ! ሕፃኗ ስትወጣ አላለቀሰችም። እስክታለቅስ ድረስ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እናቷ በሩ ላይ ጥቂት ጨምራ ብትቆይ ኖሮ አሁን እልል አትሉም ነበር።»

እንደው የተማሩ ይመስላችኋል? እትዬ ብርቄ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «ታዲያ ማን ይቅደም? ማን ይግባ?» አለች። መልሰው በሩን ሞሉት! እኔ ምን ልበላችሁ?

ጋሽ ሞላልኝ በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግረው ተጣሩ። «እማማ! እዚያ ማዶ ያሉት! እርስዎ በጎን በኩል ይምጡ!»

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ተረት ብላችሁ ወደ ቤታችሁ ልትሄዱ ነው? ቅዳሜ ጠበሉ ጋ ምን ነበር? የእኛ የሰንበት ተማሪዎች ጀሪካን ከፊት ተደርድሯል። ቢጫ ጀሪካን፣ ነጭ ጀሪካን፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን። ጀሪካን ይታመማል? አንዲት እናት የሚያተኩሰው ልጇን አቅፋ ከኋላ መጣች። ከመሀላችን አንዷ፣ መዝሙር ላይ ድምጿ ከሁሉም የሚሰማው፣ ዞር ሳትል «ተራሽን ጠብቂ» አለቻት። ማን እንደሆነች አልናገርም። አሁን አቀርቅራ ጥፍሯን እያየች ነው።

ያቺ እናት ሄደች። ልጁ ምን ሆነ? እኔ አላውቅም። እናንተስ? ስሟን የጠየቀ አለ?

እግዚአብሔርን እንወዳለን ትላላችሁ። ትወዳላችሁ፣ አልካድኩም። እትዬ ብርቄም ትወዳት ነበር። ግን ለእግዚአብሔር ብላችሁ ስትጋፉ ክርናችሁ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? እሱ ያቺን እናት ሊያስገባት ከውስጥ በሩን ሲገፋ፣ በሩ የሚመታው የማንን ጀርባ ነው?

አሁን ጉባኤው ሲያልቅ እንደ ልማዳችሁ በአንድ ጊዜ በሩ ላይ ትረጋገጣላችሁ። አውቃችኋለሁ። ዛሬ ግን ከመግፋታችሁ በፊት ዞር በሉ። ከኋላችሁ የቆመችውን ፊቷን እዩ። ከዚያ ወደ ኋላ በሉላት።