ከሾላዋ ሥር የፈለቀው ውሃ

ሰው ከየት እንደመጣ የማያውቀውን ነገር አፉ ላይ ሲያመላልሰው ያናድደኛል። በቀደም አንዱ ጎረምሳ ምላሱ ስለሚጣፍጥ ደላላ ሲያወራ፣ የኛን አገር አባባል ጣል አደረገና ተሳሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አባባሉን ከባለቤቱ አፍ የሰሙት አያቴ ናቸው፤ ለኛ ሲያወሩንም አንድ ቀን ፈገግ ብለው አያውቁም። እስቲ ልንገራችሁና ከዚያ ወዲያ መሳቅ ከቻላችሁ ሳቁ።

ነገሩ የሆነው ወሎ ቆላ ውስጥ፣ ጨፌ ግርጌ በምትባል መንደር ነው። ከመንደሩ ራስጌ ግራዝማች አስፋቸው የሚባሉ ባለርስት ነበሩ። በበጋም በርበሬና ሸንኮራ ማልማት አማራቸውና፣ ሸለቆው ጠበብ የሚልበት ላይ፣ በገዛ መሬታቸው የአፈር ግድብ ላሠራ አሉ። አገሩ በደቦ ወጣላቸው። ጠላ ተጠመቀ፣ በሬ ተጣለ፣ ወንዱ እየቆፈረ ሴቱ አፈር እያመላለሰ፣ ጭቃውን በከብት እያስረገጡ በዘፈን ገደቡት።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ግድቡ በሚያልፍበት ቦታ የመንደሩ አድባር የሆነች ትልቅ ሾላ ቆማለች። ግራዝማች «ትቆረጥ» አሉ። መጥረቢያ የሚያነሳ ጠፋ። አድባር የቆረጠ ዘሩ ይቆረጣል ተባለ። እሳቸውም ከሰው ከምቀያየም ብለው፣ «እንግዲያው አቅፋችሁ ገድቡ» አሉ። አፈሩን ከግንዷ ግራና ቀኝ ቆልለው፣ እሷን መሐል አድርገው ጨረሱት። ሥሯ ውሃ ውስጥ የከረመ ዛፍ እንደሚሞት፣ የሞተ ሥር ደግሞ ሲበሰብስ አፈሩን ባዶ ቀዳዳ እያደረገው እንደሚሄድ ያሰበ የለም። ቢያስብም ማን ደፍሮ ይናገራል፤ አድባር ናት።

ጥቂት ዓመት ቆይታ ሾላዋ ቅጠሏን አራገፈች፤ ከዚያም ደረቀች። ሰው አዘነ። አንድ የበጋ ጠዋት ግን ከግድቡ ግርጌ፣ ከደረቀችው ሾላ ትይዩ፣ ምንጭ ፈልቆ ተገኘ። ቀጭን ነው፤ ግን ዓይን የመሰለ ጥሩ ውሃ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። «አድባሯ ሞታም አልረሳችን» አሉ። ግንዷን ቅቤ የቀቡትም ነበሩ።

ከሁሉ የተደሰተው ግን አያ ጓንጉል ነው። አያ ጓንጉል የተከበረ ሽማግሌ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቤቱ ከምንጩ እልፍ ብሎ ያለ ሰው ነው። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ዘርትሁን ትባላለች፤ ከባሏ ጋር እዚያው አባቷ ግቢ ጎጆ ቀልሳ ትኖራለች። ያን ጊዜ ውሃ የሚቀዳው ከወንዝ ነው፤ መመለሻው ደግሞ ዳገት ነው፣ ያውም እንስራ ታዝሎ። ያ ዳገት ዘርትሁንን ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። አሁን ሦስተኛውን አርግዛለች። ሽማግሌው ሌት ተቀን የሚጸልየው ይህን ልጅ እንዲያቅፍ ብቻ ነበር፤ ይኸው ውሃው በደጁ መጣለት።

ግራዝማች ወሬውን ሰምተው ወረዱ። ከዘራቸውን ከምንጩ አጠገብ ቢሰኩት እስከ እጀታው ሰመጠ። ፊታቸው ተለወጠ። «ክረምት ሳይገባ ውሃውን አስለቅቄ፣ ግድቡን ቆፍሬ፣ ያችን ሥር አስነቅዬ እንደገና አስደለድላለሁ» ብለው ሄዱ።

ይኼኔ መንደሩ ተሸበረ። ምንጩ ሊደፈን ነው። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላኩ። አያ ጓንጉል ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው እንደሚታረቀው፣ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ግራዝማች ደጅ ተንበረከኩ። ለደም ማድረቂያ የተሠራውን ወግ ለቀዳዳ ምልጃ አዋሉት። ቀዳዳ ደግሞ ሽማግሌ አይሰማም።

«ምነው አያ ጓንጉል፣ ማን ሞተ?» አሉ ግራዝማች ደንግጠው።

«ማንም እንዳይሞት ብለን ነው ጌታው። ምንጯን ይተዉልን።»

«አንተ ሰው፣ ምንጭ አይደለም እኮ። ከግድቤ ሆድ የሚወጣ ውሃ ነው።»

«ይሁና። ከሆድዎ ጥቂት ቢያካፍሉን ምን ይጎድልብዎታል?»

«እሱስ ምንም። ግድቡ የተናደ እንደሆነስ?»

«ኧረ ጌታው፣ ስንቱን ክረምት የቻለ ግድብ። ይልቅ ልጄን ያውቋታል፣ ዘርትሁንን። ያ ዳገት ሁለቱን በልቶባታል። ይቺኛዋን በሰላም ትገላገልልኝ። ይህን ድንጋይ ካላወረዱልኝ ከዚህ አልነሳም።»

ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ እርግማን ነው፤ ግራዝማች ደግሞ ሞገደኛ አልነበሩም። ሞገደኛ በሆኑ ኖሮ እላለሁ እኔ። ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱለትና፣ «እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፤ መስከረም ሲጠባ እናየዋለን» አሉ። ሽማግሌዎቹም ግብር ገብተው፣ ጠጅ ጠጥተው፣ እየተሳሳቁ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ምንጯ የመንደሩ ጨዋታ ሆነች። ሴቶቹ እዚያው ያጥባሉ፣ እዚያው ያወጋሉ። ዘርትሁን ሆዷ እየገፋ፣ ፊቷ ወዝ እያወጣ ሄደ። ክረምቱ ሲገባ ምንጯም እያደር ወፈረች። ሰው ይህንም በበረከት ቆጠረው። «እሷም እንደ ዘርትሁን ደርሳለች» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ባባራበት ጠዋት፣ ዘርትሁን እንስራዋን አዝላ ወረደች። አያ ጓንጉል ደጁ ላይ ሞፈር ይጠርባል። ጥቂት ቆይታ ስትስቅ ሰማት።

«አባባ፣ ይምጡና ይዩ። ዛሬ ለመቅዳትም አላስጎነበሰኝ፤ እንስራው አፍታም ሳይቆይ ሞላ።»

«እሰይ፣ እሰይ» አላት ከተቀመጠበት።

«ግን ደፍርሷል። አፈር አፈር ይላል።»

«ዝናቡ ነው ልጄ። ትንሽ ቆዪ፣ ይጠራል።»

እንዳላት ቆየች። የሚጠራ ውሃ ስትጠብቅ ቆየች። ያ ድፍርስ የግድቡ ሆድ እየታጠበ መሆኑን ማን ይንገራት? ምንጯ ጋ የነበረች አንዲት ጎረቤት ምን እንደነገረቻት አላውቅም፣ ደግማ ከት ብላ ስትስቅ ተሰማች። ሽማግሌው ያቺን ሳቅ እየሰማ እሱም ብቻውን ፈገግ አለ። ቀና ሲል የደረቀችው ሾላ ዘመም ስትል አየ። ከዚያ ሾላዋም ግድቡም በቦታቸው የሉም።

እሱን ጎጆው ያለበት ጉብታ አተረፈው። ባይተርፍ ይሻለው ነበር። ውሃው ምንጯ ዙሪያ የነበሩትን ሴቶችና ከታች ያሉትን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። ዘርትሁንን ያገኟት ከግራዝማች በርበሬ ማሳ ውስጥ፣ ደለል ተጭኗት ነው። የእንስራው ማዘያ ገመድ ደረቷ ላይ እንደታሰረ ነበር። ልጁን ሆዷ ውስጥ እንደያዘች ቀበሯት።

በሰልስቱ ግራዝማች መጡ። በተራቸው እሳቸው ድንጋይ ተሸክመው፣ አያ ጓንጉል ፊት ተንበረከኩ። አያቴ እዚያ ነበሩ።

«ያውርዱት ጌታው» አለ አያ ጓንጉል። «ያ ድንጋይ የኔ ነው። እርስዎ ሊደፍኑት ነበር፤ ለምኜ ያስተውኩ እኔ ነኝ።»

ግራዝማች ድንጋዩን ሳያወርዱ አለቀሱ። «ወንድሜ፣ ዓይናችን እያየ እንዴት ሳንጠረጥር ቀረን?» አሉት።

አያ ጓንጉል ሾላዋ ወደነበረችበት፣ አሁን ባዶ ወደሆነው ሸለቆ ዞረ። ካሁን በኋላ ውሃ የሚቀዳው እንደ ድሮው ከወንዝ ነው፤ ዳገቱም በቦታው አለ፤ ዳገቱን የሚፈራላት ልጅ ግን የለችውም።

«በምን እንጠርጥር ጌታው» አለ ሽማግሌው፤ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።»