የመጪው ሰው እንጨት

አንድ ባለጠጋ ነጋዴ ከጓደኞቹ ጋር ሊዝናና ወደ አንድ ሐይቅ ወረደ። ቦታው ወንዝ ከጥቅጥቅ ደን ወጥቶ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ነው። ድንኳን ተከሉ፣ ዋኙ፣ ዓሣ አጠመዱ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይቀየማቸውም፤ ሰው በደንና በውሃ ቢደሰት ምን ክፋት አለው?

በሐይቁ ዳር አንዲት የሣር ጎጆ አለች። ውስጧ ምድጃ፣ ከምድጃው ጎን ደግሞ የተከመረ ደረቅ እንጨት አይጠፋም። የአገሩ ሰው ደንብ አለው፦ ዝናብ የመታው መንገደኛ ጎጆዋ ገብቶ እሳት ያነዳል፣ ሲሄድ ግን ያነደደውን ያህል ከደኑ ለቅሞ ይተካል። ጎጆዋ ቁልፍ የላት፣ ዘበኛ የላት። ደንቡ ግን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ተከብሮ ኖሯል።

ሲመሽ እንግዶቹ ትልቅ እሳት አማራቸው። ምግባቸውን በቡታጋዝ አብስለዋል፣ ብርድ ልብስም ሞልቷቸዋል። እሳቱን የፈለጉት ፎቶ ሊነሱበት ነው! ክምሩን ተሸክመው ሲያወጡ አያ ውብነህ የሚባሉ ሽማግሌ ታንኳ ቀዛፊ አዩዋቸው።

«ጌቶቼ፣ ይህ እንጨት ዝናብ ለመታው ሰው የተቀመጠ ነው» አሉ።

ነጋዴው ሳቀ። «አባባ፣ ደን መሃል ቁጭ ብለው በእንጨት ይሰስታሉ? ነገ እንተካለን።»

በማግስቱ ድንኳናቸውን ነቅለው፣ ባዶ ጠርሙሳቸውን ሣሩ ላይ በትነው ሄዱ። አንድ ጭራሮ እንኳ አልለቀሙም። እኔን የሚያንገበግበኝ ማንደዳቸው አይደለም፤ «ነገ» ሲሉ እንደማይተኩ እያወቁ ማለታቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን አያ ውብነህ ትጓደድ የምትባል አራስ ከነሕፃኗ በታንኳቸው ያሻግሩ ነበር። እናቷ ቤት ወልዳ ወደ ባሏ መመለሷ ነው። መሃል ሐይቅ ላይ ዝናብና ማዕበል ያዛቸው። እንደምንም ዳር ሲደርሱ አሮጌዋ ታንኳ ድንጋይ ላይ ተሰባበረች። ሕፃኑ በስብሷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ማልቀስም ትቷል።

ጎጆዋ ገቡ። ምድጃው ዳር አመድ ብቻ አለ። የደኑ እንጨት ሁሉ ውሃ ጠጥቷል።

በጎጆዋ ውስጥ ደረቅ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አያ ውብነህ ሳምንታት የደከሙባት፣ ከዝናብ ሊያስጠልሏት እዚያ ያስቀመጧት፣ ከደንገል ቄጠማ የታሰረች፣ ገና ውሃ ያልነካት አዲስ ታንኳ። ቢላቸውን አውጥተው ገመዷን ይበጥሱ ጀመር።

«አያ! እንጀራዎን እኮ ነው የሚያቃጥሉት!» አለች ትጓደድ።

«ዝም በይና ልጁን ወደዚህ አቅርቢው!»

ደንገል ቶሎ ይነድዳል፣ ቶሎም ያልቃል። አንድ እስር፣ ሌላ እስር እያሉ ታንኳዋን በሙሉ ማገዱ። የመጨረሻው እስር ሲነድ ሕፃኑ አለቀሰ። ሽማግሌውም አብረውት አለቀሱ።

የደንገል ማጨጃው ጊዜ አልፎ ስለነበር ሌላ ታንኳ መሥራት አልቻሉም። አያ ውብነህ በስተርጅና የሰው ታንኳ እየቀዘፉ ከረሙ።

በዓመቱ፣ አዲሱ ደንገል ገና ሳይታጨድ፣ ነጋዴው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ተመለሰ። በሐይቁ መሃል ያለውን ደሴት ሊያሳያቸው ፈልጓል።

«አባባ፣ ታንኳዎ የት አለች?»

«አቃጠልካት።»

«እኔ? ኧረ እኔ እንጨት ብቻ ነው ያነደድኩት!»

ሽማግሌው የሆነውን ሁሉ ልጆቹ እየሰሙ ነገሩት። ነጋዴው ደንግጦ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ኪስህን ተወው» አሉት። «እዚያ ውስጥ ደረቅ እንጨት አለ? ዛሬ ብትለቅም እንኳ እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል። ደኑ ያውልህ፣ ጀምር።»

ለቀመ ወይስ ተቆጥቶ ሄደ? ታሪኩን ያወራኝ ሰው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። የኔ ንዴት በዚህ ሰው ላይ ብቻ አይደለም። እሱ ቤቱ ሞቆት ተኝቶ ሳለ ዕዳውን የከፈሉት ስሙን እንኳ የማያውቁት አራስ፣ ሕፃንና ሽማግሌ ናቸው። የጋራ ነገር ባለቤት የሌለው ይመስለናል። ባለቤቱ ግን ከእኛ በኋላ በስብሶ የሚመጣው ሰው ነው።

እናንተስ፣ ባለፈው ከተዝናናችሁበት ቦታ ስትነሱ ለሚቀጥለው ሰው ምን ትታችሁለት መጣችሁ?