ኖራ የተቀባችው ቁራ

ተረት ይዣለሁ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ እንቅልፍ ያለው ይራቅ።

በድሮ ዘመን፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ድንጋይ ይወጣበት የነበረው ጉድጓድ ኩሬ፣ ግቢው የደን ፓርክ በሆነበት ዘመን፣ አንድ የጭስ ማውጫ ግንብ ብቻውን ቆሞ ቀረ። አናቱ ላይ እመት ቁራ እንቁላሎቿን ታቅፋ ትኖር ነበር። ሰዎች መነጽር ይዘው ወፍ ሊያዩ ይመጣሉ። እሷን ግን ዞር ብሎ የሚያያት አልነበረም።

አንድ ቀን የፓርኩ ኃላፊ ወይዘሮ ስንዱ ከግንቡ ሥር ቆሙና፣ “ይሄ ነገር ለዓይን ያስጠላል። ነገ የሚመጡት እንግዶች ብርቅ ወፍ ካላዩበት አፈርሰዋለሁ” አሉ።

አያ ጭስ ማውጫ እመት ቁራን ተጣራ።

“እመት ቁራ፣ ሰማሽ?”

“ሰማሁ። እንቁላሎቼን ምን ላድርጋቸው?”

“እንግዲያው ብርቅ ሁኚ።”

“እንዴት አድርጌ?”

“የሰው ልጅ እንዴት ያደርጋል? ተቀቢ እንጂ።”

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። እመት ቁራ የጡብ ዱቄት ላይ ተንከባልላ ግንቡ ላይ ወጣች። እንግዶቹ መነጽራቸውን አነሱና፣ “ጡብ ነው” አሉ።

ወረደች። የኩሬውን አረንጓዴ ዝቃጭ ተለቅልቃ ወጣች። “ሣር በቅሎበታል” አሉ።

ወረደች። የተረሳ የኖራ ክምር ውስጥ ገብታ፣ ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ ነጭ ሆና ወጣች። “ነጭ ዶሮ ናት፤ ዶሮማ አገራችንም ሞልቷል” አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ጡብ መባሉን ችላ ነበር፤ ሣር መባሉንም ችላ ነበር። ዶሮ መባሉ ግን አንገበገባት። እንቁላሉንም ምክሩንም ረስታ ኩሬው ውስጥ ጧ ብላ ገባች። ታጥባ፣ ጠቁራ፣ ማጅራቷ ላይ ያለችው ነጭ ምልክት ወጥታ፣ ያንን ወፍራም ምንቃሯን ከፍታ ግንቡ ላይ ጮኸች።

“በቃ፣ አለቀልን” አለ አያ ጭስ ማውጫ።

እንግዶቹ መነጽራቸውን መልሰው አነሱ። አንዱ ሽማግሌ እንባቸውን ጠረጉ። “እኛ አገር ይህች ወፍ የለችም። ባሕር የተሻገርነው እሷን ብለን ነው” አሉ።

“ይቺን?” አሉ ወይዘሮ ስንዱ። “ይቺማ ምሳዬን የምትሰርቀኝ ናት።”

ቢሆንም ግንቡን ማፍረሱ ቀረ። እመት ቁራ እንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣ፣ “አያ፣ ታዲያ ያንን ሁሉ ለምን አስቀባኸኝ?” ብላ ጠየቀች።

“እኔ ምን አውቄ! ይህን ሁሉ ዘመን አናቴ ላይ ስትኖሪ፣ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አይቼሽ አላውቅም” አላት።

ተረቴን እዚህ አስቀመጥኩት፤ የሚያነሳው ይጨምርበት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።