አልቀመጥም ያለው ጣሪያ

ይቺ ተረት አራት ጎማ አላት፤ ሰሚ ከገፋት ትነሳለች። ገፋችሁ? እንግዲህ ተነሳች።

ከአዋሽ ወዲያ፣ ሙቀት በሚበዛበት ከተማ፣ ትርሲት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ደርብ በአሮጌ ላንድሮቨሩ በረሃ ለበረሃ እየዞረ የውኃ ፓምፕ ይጠግናል። አንዴ ከወጣ አርባ ቀን ይቆያል። ትርሲት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብረውት መሄድ። እሷ፣ እናቷ ስንዱ፣ ገና አፉን ያልፈታው ወንድሟ ባቡሽም።

«መሬቱ ላይ ጊንጥ አለ፤ መኪናዋ ውስጥ ዕቃ አለ። የት ልትተኙ ነው?» ይላል ደርብ ሁልጊዜ።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ጣሪያ አገኘ። ድሮ ሰው ውስጡ የሚያድርበት ሚኒባስ አናት ላይ የነበረ፣ ሲገፉት እንደ ድንኳን ብድግ የሚል፣ ባለ ሸራ የፋይበር ጣሪያ ነው። የመኪና ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ባትላሜራ፣ ጋሽ ኡስማን፣ ጋራዡ ውስጥ የላንድሮቨሯን አናት ቆርጦ ከፈተላት።

«ዛሬ ከገጠመ ነገ ጠዋት አራታችንም እንሄዳለን» አለ ደርብ። «ካልገጠመ አናቷን ሸራ አልብሼ ብቻዬን እወጣለሁ።»

ጣሪያውን አንስተው ጫኑት። ወዲህም ተረፈ፣ ወዲያም ተረፈ፣ ተንሸራቶ ወረደ።

ትርሲት ጎንበስ ብላ ጠየቀችው። «ጣሪያ፣ ጣሪያ፣ ለምን አትቀመጥም?»

«እኔ የለመድኩት ሰፊ ጀርባ ነው፤ ይቺ ጠባብ ናት። መጋዝ ዳርና ዳሬን ካልቆረጠኝ አልቀመጥም።»

መጋዝ ካልቆረጠ ጣሪያው አይቀመጥም፤ ጣሪያው ካልተቀመጠ ትርሲት አትሄድም።

ወደ መጋዙ ሮጠች። «መጋዝ፣ መጋዝ፣ ጣሪያውን ቁረጠው።»

«አልቆርጥም። ባለፈው በግምት ቁረጥ ተብዬ የጋሽ ኡስማንን የጓሮ በር አሳጠርኩት፤ እስካሁን ፍየል ትሾልክበታለች። ጠመኔ ካላሰመረልኝ ጥርሴን አላነሳም።»

ጠመኔ ካላሰመረ መጋዝ አይቆርጥም፤ መጋዝ ካልቆረጠ ጣሪያው አይቀመጥም፤ ጣሪያው ካልተቀመጠ ትርሲት አትሄድም።

ጠመኔው ጋሽ ኡስማን ኪስ ውስጥ ነበር። «ጠመኔ፣ ጠመኔ፣ አስምር።»

«ልኩን ሳላውቅ? ሜትሩ ከመሐል ተበጥሷል። የመኪናዋ ወርድ በአባትሽ ስንዝር ሰባት፣ በጋሽ ኡስማን ስንዝር ስምንት ነው። የማንን ልስማ?»

«ጋሼ፣ በእርስዎ ስንዝርማ መኪናዬ አውቶቡስ ሆነች!» አለ ደርብ።

«የአንተ መዳፍ ደግሞ አካፋ ነው» አለው ጋሽ ኡስማን።

«ሰማሽ አይደል?» አለ ጠመኔው። «እዚህ ያለው ማሰሪያ ሁሉ ደግሞ ጎማ ውስጥ ከሚነፋ አሮጌ ከመነዳሪ የተቀደደ ላስቲክ ነው፤ ይለጠጣል፣ ይዋሻል። የእናትሽ መቀነት ለክታ ካልመጣች አላሰምርም።»

መቀነት ካልለካች ጠመኔ አያሰምርም፤ ጠመኔ ካላሰመረ መጋዝ አይቆርጥም፤ መጋዝ ካልቆረጠ ጣሪያው አይቀመጥም፤ ጣሪያው ካልተቀመጠ ትርሲት አትሄድም።

ጋራዡ በር ላይ ወደ ቆመችው እናቷ ሮጠች። «መቀነት፣ መቀነት፣ መኪናዋን ለኪያት።»

«በምን እጄ? እናትሽ ባቡሽን አዝላ በኔ ሸብ አድርጋዋለች። ስንዱ ካልፈታችኝ አልለካም።»

«እማ፣ በናትሽ ፍቺያት!»

«እንዴት ልፍታት፣ ልጄ? ከጠዋት ጀምሮ ሲያለቅስ ነው የዋለው። ካወረድኩትማ ጋራዡን በላያችን ያፈርሰዋል። ባቡሽ ዝም ካላለ አልፈታም።»

ባቡሽ ዝም ካላለ ስንዱ አትፈታም፤ ስንዱ ካልፈታች መቀነት አትለካም፤ መቀነት ካልለካች ጠመኔ አያሰምርም፤ ጠመኔ ካላሰመረ መጋዝ አይቆርጥም፤ መጋዝ ካልቆረጠ ጣሪያው አይቀመጥም፤ ጣሪያው ካልተቀመጠ ትርሲት አትሄድም። ፀሐይዋም ዘንበል ማለት ጀመረች።

«ባቡሽዬ፣ ባቡሽዬ፣ ለምን ዝም አትልም?»

«እ! እ!» አለ ባቡሽ። ውኃ ሰጠችው፣ ገፋው። የመኪና ቁልፍ ሰጠችው፣ ወረወረው።

ስንዱ ብዙ አታወራም፤ ታያለች እንጂ። «ትርሲት» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ በየትም ብዞር የሱ እጅ ወደ አንድ ቦታ ነው። እስቲ ጣቱን ተከተዪ።»

ትርሲት ጣቱን ተከተለች። ጎማዎቹን አለፈች፣ መሰላሉን አለፈች፣ ሄዳ ሄዳ ጣሪያው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አንተን ነው እንዴ የሚፈልገው? ምንህን?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ ጣሪያው። «ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ‹ትቀመጣለህ ወይ› ይለኛል። ‹ትነሳለህ ወይ› ያለኝ ግን የለም።»

ትርሲት ትንሽ አሰበች። «ትነሳለህ ወይ?»

«ግፊኝ!»

«ከዕቃ ጋር ማውራት ከማን ተማርሽ?» አለ ደርብ።

«ካንተ ነዋ!» አለ ጋሽ ኡስማን። «ትናንት ሞተሩን ‹ተነሳ በናትህ› ስትለው አልነበር?»

ትርሲት በሁለት እጇ ገፋችው። ጣሪያው ሲጢጥ አለ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ብድግ አለ። ብጫው ሸራ እጥፋቱን እየዘረጋ ተነሳ፤ ወንፊት በመሰለችው መስኮቱ ብርሃን ገባ። መሬት ላይ ትንሽ ቤት ቆመች።

ባቡሽ ዝም አለ። አፉን ከፍቶ አየ።

ባቡሽ ዝም ሲል ስንዱ ፈታች፣ ብጫው ጥላ ሥር አስቀመጠችው። ስንዱ ስትፈታ መቀነት መኪናዋን ለካች፣ ልኩን በቋጠሮ ይዛ መጣች። መቀነት ስትለካ ጠመኔ አሰመረ፤ ጠመኔ ሲያሰምር መጋዝ ቆረጠ፤ መጋዝ ሲቆርጥ ጣሪያው በጋሽ ኡስማንና በደርብ ትከሻ ወጣ፣ ዙሪያውን ጎማ ለበሰ፣ በብሎን ጠበቀ፤ ተቀመጠ። ጋሽ ኡስማን አንድ ባልዲ ውኃ ደፋበት። አንዲት ጠብታ አልገባችም።

«ስንት ስንዝር ሆነ?» አለ ደርብ።

«ሰባት ተኩል» አለ ጋሽ ኡስማን። «ሁለታችንም ዋሽተናል።»

ጠዋት አራቱም ሄዱ። ስንዱ መቀነቷን ታጥቃለች፤ ቋጠሮዋን ግን አልፈታቻትም። አመሻሹ ላይ ደርብ ከአንድ ግራር ሥር መኪናዋን አቆመ። ትርሲት ቀና አለች።

«ጣሪያ፣ ጣሪያ፣ ትነሳለህ ወይ?»

ባቡሽ ቀደመው። «እ!» አለ።

ጣሪያውም ተነሳ።

ተረቴ እዚህ ቆመች። መውረድ የፈለገ ይውረድ፤ እንቅልፉ የመጣ እዚያው ላይ ይደር።